የአንባቢያን ጥያቄ፦ «ሰገራችንን ስንቴ ነው ሚወስዱት?»

ባለፈው እትም ስለ ሰገራ ምርመራ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር፣ ያቺ ሁለት መስመር ያልጠበኩትን ደብዳቤ አመጣችብኝ። አብዛኛው ሰው «ዶክተር» እያለ ነው ሚጽፍልኝ፤ ዶክተር አይደለሁም፣ ላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ፣ እዚሁ ሀዋሳ፣ ግማሽ እድሜዬን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የጨረስኩ። ደሞ ቁርስ ላይ ሆናችሁ ምታነቡ ካላችሁ መጽሔቱን አጠፍ አድርጉና በልታችሁ ስትጨርሱ ተመለሱ፣ ዛሬ ወሬው ሁሉ ስለ ሰገራ ነው።

ጥያቄ፦ «ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ሀዋሳ ዙሪያ ገጠር ቀበሌ የማስተምር መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን በየጊዜው እየመጡ ከልጆቹ ሰገራ ይወስዳሉ፣ ኪኒን ያስውጣሉ፣ ይሄዳሉ። ከአመት ሁለት አመት በኋላ ደሞ ሌላ ቡድን እቃውን ይዞ ከች ይላል። ወላጆች ሚይዙት እኔን ነው። ‹ባለፈው አይተውት የለም እንዴ፣ ስንቴ ነው ሚወስዱት፣ ኪኒኑን ከሰጡ በኋላስ ምን ያስመረምራል› ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?» — መምህሩ

መልስ፦ መምህር፣ ወላጆቹ እውነታቸውን ነው፣ ያላስረዳናቸው እኛ ነን። አንድ ተማሪዎ ሆዱን አሞት ጤና ጣቢያ ሲሄድ ሚመረመረው ለራሱ ነው፣ ውጤቱን ይዞ መድሃኒቱን ወስዶ ይገባል። ያ ቡድን ሲመጣ ግን ታካሚው ቀበሌው ነው ብለው ያስቡት። በእጣ የተመረጡ ልጆችን አይቶ «እዚህ አካባቢ ከመቶ ልጅ ስንቱ ትል አለበት፣ ምን አይነት ትል፣ ምን ያህል» ሚለውን ነው ሚፈልገው፣ እና የቀበሌ በሽታ ደሞ እንደ ሰው በሽታ አንዴ ታይቶ ሚያልቅ ነገር አይደለም።

«ምን ያህል» ያልኩትን ልብ ይበሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ጋ ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ሚሰራው ተራ ምርመራ በአብዛኛው አለ ወይም የለም ነው ሚለው። እንዲህ ቀበሌ የመከታተል ስራ ላይ ግን ካቶ ካትዝ ሚባል ዘዴ እንጠቀማለን፣ ሰገራዋን በወንፊት ታጠልላትና ስላይድ በምትባል ስስ ብርጭቆ ላይ፣ ቀዳዳ ባላት ትንሽ ፕላስቲክ ትሞላታለህ፣ ቀዳዳዋ ምትይዘው 41.7 ሚሊግራም ነው፣ ግሊሰሪን ውስጥ በተዘፈዘፈ ሴሎፎን ትሸፍናትና ጫን ታረጋታለህ፣ ከዛ ማይክሮስኮፕ ስር አስገብተህ እንቁላሉን አንድ ሁለት እያልክ ትቆጥራለህ፣ ያገኘኸውን በ24 ስታባዛ በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ያለውን የእንቁላል ብዛት ይሰጥሃል። ጥንታዊ ይመስላል አይደል? ዛሬ ሚሰራበት መልኩ ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ገጠር ላይ ጄኔሬተር እንኳን ሳይኖር በመስታወት ብርሃን ይሰራል።

አሁን አንድ ልጅ እንውሰድ። የመጀመሪያው አመት ስላይዱ ላይ 400 የወስፋት እንቁላል ተቆጠረ እንበል፣ በ24 ሲባዛ 9,600 ነው። ለወስፋት በግራም እስከ 4,999 ቀላል ይባላል፣ ከ5,000 እስከ 49,999 መካከለኛ፣ ከዛ በላይ ከባድ። ስለዚህ ይሄ ልጅ መካከለኛ ላይ ነው። ከሶስት አመት በኋላ ሲመጡ 12 እንቁላል ብቻ ተገኘበት፣ 288 ማለት ነው፣ ቀላል። በ«አለ ወይም የለም» ሚዛን ልጁ ያኔም አለበት አሁንም አለበት፣ መድሃኒቱ ምንም አልሰራም ትላላችሁ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው የትል መንጋ ግን ወደ ጥቂት ወርዷል። ልጅ ሚያቀጭጨው፣ አንጀት ሚዘጋው፣ ክፍል ውስጥ ሚያስተኛው መንጋው ነው። ለዛም ነው የአለም ጤና ድርጅት ለ2030 (እ.ኤ.አ.) ያስቀመጠው ግብ ትሉ ድራሹ ይጥፋ ሳይሆን መካከለኛና ከባድ የያዛቸው ልጆች ከመቶ ከ2 በታች ይሁኑ ሚለው።

ሁለተኛው ምክንያት መድሃኒቱ ሆድ ያጸዳል እንጂ ጓሮ አያጸዳም። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን ወደ 200,000 እንቁላል ትጥላለች፣ በቀን ነው ምላችሁ! እንቁላሉ እርጥበትና ጥላ ካገኘ አፈር ውስጥ አመታት መቆየት ይችላል፣ እና እኛ ሀገር የቤት ጓሮ ማለት እንሰት ነው፣ ከእንሰት ስር የተሻለ እርጥበትና ጥላ ከየት ይመጣል? ህጻን ልጅ ደሞ ሽንት ቤት ጉድጓዱን ስለሚፈራ ብቅ ሚለው እንሰቱ ስር ነው፣ እናት አታየው ይሆናል ዶሮዋ ግን ታየዋለች። ስለዚህ ኪኒን የዋጠ ልጅ እዛው ጓሮ ተመልሶ ይጫወታል፣ ወራት ቆይቶ ወስፋቱ ይመለሳል፣ ባመቱ ብዙ ቦታ ላይ ቁጥሩ መጀመሪያ ወደነበረበት ይጠጋል። ያንን ምታውቀው ተመልሰህ ስትቆጥር ብቻ ነው።

ሶስተኛው፣ በቁጥሩ ነው ውሳኔ ሚሰጠው። ከመቶ 20 እና ከዛ በላይ ልጅ በአፈር ሚተላለፉት ትሎች ካሉበት በአመት አንዴ ለልጆቹ ሁሉ ይሰጣል፣ 50 እና ከዛ በላይ ከሆነ ሁለቴ። ኢትዮጵያ በሀገር ደረጃ በትምህርት ቤት በኩል መስጠት የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከዛ በፊት የትኛው ወረዳ ምን እንዳለበት ካርታ ተሰርቶ ነበር፣ ያ ካርታ ዛሬ ብዙ ቦታ አርጅቷል። አዲስ ካልተቆጠረ አንዱ ወረዳ ማያስፈልገውን ኪኒን ይውጣል፣ ሌላው ሚያስፈልገውን ያጣል።

አንድ ነገር ደሞ በርስዎ ላይ ልጣል። እቃውን ለልጆቹ ሰጥተን ነገ ይዛችሁ ኑ ስንል ምን እንደሚያረጉ ያውቃሉ? አንዱ ጎበዝ ይዞ ይመጣና ለአራት ለአምስት ጓደኛው ያካፍላል! አንዴ ገጠር ወርደን አምስት ስላይድ ቁጭ ብዬ ሳይ እንቁላሉ በአይነትም በብዛትም አንድ አይነት ሆነብኝ፣ ልጆቹን አስጠርቼ ስጠይቃቸው ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም፣ «ቲቸር እኔ ዛሬ አልመጣልኝም» አለኝ አንዱ። እኔም ሳኩኝ ግን ያ ዳታ ተጣለ። ስለዚህ መምህር፣ በቻሉት መጠን እዛው ግቢ ሽንት ቤት አካባቢ ቆመው ያሰጧቸው፣ «አልመጣልኝም» ሚለውም ሳይቀጣ ነገ ይስጥ።

ለወላጆቹ ደሞ ይሄን ይበሏቸው፣ መጥተው ሲወስዱ «ያለፈው ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ መብታቸው ነው። እኔ ራሴ ከብዙ ቡድን ጋር ወጥቻለሁ፣ ውጤቱን ይዞ ተመልሶ ቀበሌ ስብሰባ ላይ የተናገረ ግን በጣት ሚቆጠር ነው፣ ሪፖርቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ እዛው ይቀራል። ይሄ ያሳፍረኛል። ሰገራውን የሰጠ ሰው ቁጥሩን ማወቅ አለበት።

ጥያቄ፦ «እህቴ እንደምን ነሽ። ልጄ 4 አመቱ ነው፣ ክረምቱን ገጠር አያቱ ጋ ከርሞ መጣ። ሆዱን ሲለኝ ክሊኒክ ወሰድኩት፣ ሰገራው ነጻ ነው አሉኝ። ከሶስት ሳምንት በኋላ ግን ረጅም ነጭ ትል ወጣው፣ ልሞት ነበር በድንጋጤ። ላብራቶሪው ዋሽቶኝ ነው? አያቱ ደሞ ከረሜላ አብዝተሽበት ነው ትለኛለች።» — የማሙሽ እናት

መልስ፦ አይዞሽ፣ እንደሱ ሲወጣ ሚያስደነግጠው መልኩ ነው እንጂ ወስፋት በቀላሉ ሚታከም ነው። ላብራቶሪው ላይዋሽ ይችላል። ልጁ እንቁላሉን ከዋጠው ጊዜ ጀምሮ ትሉ መጀመሪያ በደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ይዋጣል፣ አንጀት ገብቶ ያድጋል፣ እንቁላል መጣል ሚጀምረው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። በዛ መሀል ስትመረምሪ ትሉ አለ እንቁላሉ የለም። ወንድ ትል ብቻ ከሆነም እድሜ ልክ ብትመረምሪ እንቁላል አታገኚም። ደሞ በተራው ምርመራ ስላይድ ላይ ምናደርጋት ሰገራ የክብሪት ጫፍ አታክልም፣ ትንሽ ያለበት ሰው በቀላሉ ያመልጣል። ለዛ ነው ቀን ለይቶ ሁለት ሶስቴ መመርመር ሚሻለው፣ ማንም ባያደርገውም።

ከረሜላውን በተመለከተ አያትየው ተሳስተዋል፣ በአክብሮት ንገሪያቸው። ስኳር ትል አይወልድም፣ ወስፋት ሚመጣው እንቁላሉ ባለበት አፈር በተነካካ እጅ፣ ባልታጠበ ቃሪያና ሰላጣ ነው። አማርኛችን ራሱ ወስፋትን የምግብ ፍላጎት አድርጎታል፣ ርቦን «ወስፋቴ ጮኸ» እንላለን፣ መብላት ሲያስጠላን «ወስፋቴ ተዘጋ»፣ ሁሉም ሰው አለበት ተብሎ ይታሰብ የነበረ ይመስላል፣ ያን ጊዜ ብዙም አልተሳሳቱም ይሆናል። ካንዱ ልጅ ወደ ሌላው በዛው ቀን አይተላለፍም ደሞ፣ እንቁላሉ አፈር ላይ ሁለት ሶስት ሳምንት ሳይበስል አይዝም፣ ስለዚህ ከታናሽ እህቱ ጋ አትለያዪው። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ትሉን ንገሪያቸው፣ በሱ እድሜ አልቤንዳዞል ሚባለው የትል ኪኒን 400 ሚሊግራም አንዴ ነው ሚሰጠው፣ መጠኑን እነሱ ያረጋግጡልሽ። ወደ አያቱ ሲመለስ ጫማና ሳሙና አስይዢው።

ጥያቄ፦ «የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ ነኝ። ጤና ኬላችን ግድግዳ ላይ የትል ግራፍ ለጥፈናል፣ ሶስት አመት ሲወርድ ነበር ዘንድሮ ግን ወጣ። ከወረዳ የመጡት ‹ስራ አቁማችኋል› ብለው ሰው ፊት ተቆጡኝ። እኔ ቤት ለቤት መሄድ አላቆምኩም። ምን ሆኖ ነው?» — ከገጠር

መልስ፦ እህቴ፣ ግራፍ ስትወጣ መጀመሪያ ሚጠየቀው ሰው ሳይሆን ግራፏ ራሷ ነች። ተቀምጠሽ እነዚህን አስቢ።

መቼ ነው የተሰበሰበው? ያለፉት ሶስቱ በጋ ላይ፣ የዘንድሮው ክረምት ማብቂያ ላይ ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይቻልም። ኪኒን ከተሰጠ ከወር በኋላ መቁጠርና ከአስራ አንድ ወር በኋላ መቁጠርም የሰማይና የምድር ያህል ነው፣ መድሃኒቱ መስራቱን ማየት ምትፈልጊ ከሆነ ከ14 እስከ 21 ቀን ባለው ነው ሚታየው፣ ቀበሌው እንዴት እንደከረመ ማየት ከፈለግሽ ደሞ ቀጣዩ ዙር ሊሰጥ ሲል።

ማን ላይ ነው የተሰራው? ድሮ ተማሪ ብቻ አይታችሁ ዘንድሮ አዋቂም ከጨመራችሁ የመንጠቆ ትሉ ቁጥር ይወጣል፣ ይሄ ደም መጣጭ በባዶ እግር ነው ሚገባው፣ እድሜውም ረጅም ነው፣ እርሻ ላይ ሚውለው አዋቂ ጋ ይበዛል። ትምህርት ቤት ብቻ ሚሰጥ ኪኒን እሱን አይደርስበትም፣ እናትና አባት ተሸክመውት ጓሮውን እየመገቡት ይኖራሉ። ጎረቤታችን ወላይታ ላይ «ገሺያሮ» ሚባለው ፕሮጀክት የተነሳው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው፣ ተማሪ ብቻ ሳይሆን መላውን ሰው ማከም፣ ከሱ ጋ ውሃና ሽንት ቤት ማስገባት፣ ከዛ የተመረጡ ቦታዎች ላይ እየተመለሱ መቁጠር። ስሙ በወላይትኛ ንጽህና ማለት ነው።

በምን ነው የታየው? አምና በተራ ስላይድ፣ ዘንድሮ በካቶ ካትዝ ወይም ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ልጆች በፒሲአር (የትሉን ዘረመል በሚፈልገው ማሽን) አይተውት ከሆነ ሚገርመኝ የነበረው ቁጥሩ ባይወጣ ነው። አይን ሲሳል የሚታየው ይበዛል፣ በሽታው በዝቶ አይደለም። በተቃራኒው ካቶ ካትዝ ላይ አንድ ችግር አለ፣ የመንጠቆ ትል እንቁላል በግሊሰሪኑ እየጠራ ስለሚሄድ ስላይዱ በተዘጋጀ በአንድ ሰአት ውስጥ ካልታየ ይጠፋል፣ ከገጠር ስላይዱን ሰርተው በባጃጅ ጭነው ከሰአት ከተማ ላይ ሚያነቡ ሰዎች አይቻለሁ፣ «የመንጠቆ ትል ዜሮ» ብለው ይጽፋሉ፣ ዜሮው ግን የመንገዱ ርቀት ነው። ምናልባት ያለፉት ሶስት አመታት «መውረድ» እንዲህ አይነት መውረድ ቢሆንስ?

ይሄን ሁሉ አይተሽ ተመሳሳይ ሆኖ ከተገኘ ያኔ በእውነት ወጥቷል፣ ያኔም ቢሆን አንቺ ጋ ከመምጣት በፊት መድሃኒቱ በሰአቱ ደርሶ ነበር ወይ ነው ጥያቄው። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲመጣ የአለም ጤና ድርጅት በዘመቻ ሚሰጡ መድሃኒቶችና ቤት ለቤት ዳሰሳዎች ለጊዜው ይቁሙ ብሎ ነበር፣ ትምህርት ቤትም ተዘጋ፣ ትሉ ግን ኳራንቲን አልገባም። አንድ ዙር ሲዘለል ግራፍ ላይ መታየቱ አይቀርም።

አሁን ግራፍሽ ስር በእስክሪብቶ ይሄን ጻፊበት፦ ወሩን፣ እድሜያቸውን፣ ስንት ሰው እንደታየ፣ ዘዴውን፣ የመጨረሻው ኪኒን የተሰጠበትን ቀን። ቀጥሎ ሚመጣ ተቆጪ እሱን ያንብብና ከዛ ይቆጣ። አንድ ደሞ ልጨምርልሽ፣ ትል ሰው ላይ እኩል አይከፋፈልም፣ ብዙው መንጋ ጥቂት ቤት ውስጥ ነው ሚገኘው፣ እና ብዙውን ጊዜ በየአመቱ እነዛው ቤቶች ናቸው። አንቺ ስማቸውን ታውቂያለሽ፣ ከተማ ያለ ኮምፒውተር አያውቅም። ሽንት ቤቱን እነሱ ጋ ነው ቀድመሽ ምታስቆፍሪው።

ጥያቄ፦ «እትዬ ሰላም ነው? ሀይቁ ላይ አሳ ምናወጣ ልጆች ነን። ቢልሃርዚያ ሚመጣው ጥሬ አሳ በመብላት ነው ይባላል፣ አሞራ ገደል አሳ ገበያው ላይ ደሞ ጥሬውን በዳጣ ካልበላን ቀኑ አይነጋልንም። አምና መድሃኒት ወስጄ ዘንድሮም አለብህ ተባልኩ፣ መድሃኒቱ ፎርጅድ ነው?» — አሳ አጥማጁ

መልስ፦ አሳው ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው፣ ሌላ ጣጣ አይኖረውም አላልኩም፣ ጥሬ አሳ ጥሬ አሳ ነው። ቢልሃርዚያ በአፍ ሳይሆን በቆዳ ነው ሚገባው። አንድ ሰው ሀይቁ ዳር ይጸዳዳል፣ እንቁላሉ ውሃ ሲነካ ይፈለፈላል፣ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ሳምንታት ቆይቶ በብዙ እጥፍ ተራብቶ ይወጣል፣ ከዛ እግርህን ውሃ ውስጥ ስትከት በደቂቃዎች ይገባል። መረብ ስትጎትት እስከ ወገብህ ውሃ ውስጥ ነህ፣ በየቀኑ። ስለዚህ ፎርጅድ ከማለትህ በፊት አስብ፦ የቢልሃርዚያው መድሃኒት ፕራዚኳንቴል ያደገውን ትል ይገላል፣ ገና ያላደገውን አይገልም፣ እና መድሃኒቱን ወስደህ ማግስቱን ተመልሰህ ገብተሃል። እንዳንተ ውሃ ውስጥ ሚውል ሰው አንዴ ወስዶ ሚገላገለው አይደለም፣ በየጊዜው መመርመር ነው። በልተህ ዋጠው፣ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል።

ቀንድ አውጣዋን በተመለከተ የራሳችን ሰው አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አይቶ ነው እንዶድ እንደሚገላቸው ያረጋገጠው፣ ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 (እ.ኤ.አ.) አለም አቀፍ ሽልማት ወስደውበታል። ታዲያ ተነስታችሁ ሀይቁ ላይ እንዶድ እንዳትደፉ አደራ፣ አሳውንም ይገላል፣ እንጀራችሁ ነው።

ጥያቄ፦ «ኮሶ አለብኝ፣ ትምህርት ቤት ሚሰጠውን ኪኒን ከልጄ ተቀብዬ ብውጥ ይሻረኛል?» — ስሜ ይቆይ

መልስ፦ የልጁን ኪኒን አትንካ። ትምህርት ቤት ሚሰጧት አንዷ አልቤንዳዞል ለኮሶ አስተማማኝ አይደለችም፣ ኮሶ ሚመጣውም ከአፈር ሳይሆን ከጥሬ ስጋ ነው። አንድ ልንገርህ ግን፣ ለመመርመር ስትሄድ «ቁራጩ ሲወጣኝ አየሁት» በላቸው፣ ብዙ ሰው አፍሮ ይደብቃል፣ እኛ ደሞ እንቁላሉን ስላይድ ላይ ብዙ ጊዜ እናጣዋለን፣ ስለዚህ ክትትል ሪፖርቶች ላይ ኮሶ ሁሌ ካለው በታች ነው ሚጻፈው። ኮሶ ዛፉን በጥብጦ መጠጣትም አስበህ ከሆነ ተወው፣ መጠኑ ከበዛ አይን ድረስ ይጎዳል። ክብደትህን ለክተው ሚሰጡህ መድሃኒት ጤና ጣቢያ አለ፣ ነገ ጠዋት ሂድ።